የስድስት እናቶች ስልክ

ከደብረ ዘይት ናዝሬት በሚሄደው ታክሲ ከፊቴ አንዲት ባለሱቅና ጎረቤቷ አሮጊት ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ ሰሞኑን ስልክሽ ሲጮኽ አልሰማም። ተበላሸ እንዴ?»

«ገመዱን ነቅዬው ነው፣ እማማ።»

«ምነው? የሰፈራችን ዘማች ሁሉ የያዘው ያንቺን ቁጥር አይደል?»

«እሱ አይደል ጉዱ! ባለፈው ሳምንት አንድ ወታደር ከአስመራ ደወለ። ‹ጓደኛዬ ተሰውቷል፤ ለእናቱ ንገሪልኝ› አለኝ።»

«የማን ልጅ?»

«ስሙን ሳይነግረኝ መስመሩ ተቋረጠ።»

«መልሶ አይደውልም?»

«ይደውላል። ለዚህ ነዋ የነቀልኩት።»

«ልጅ ያዘመትን ስንት እናቶች ነን?»

«እርስዎን ጨምሮ ስድስት።»

«እንግዲያው እንደተነቀለ ተይው።»

የምወርደው ሞጆ ነበር፤ ‹ወራጅ አለ› ሳልል ናዝሬት ገባሁ።