የበረኛው ቅባት

(አዳማ፣ አንድ መድኃኒት ቤት፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ። ጡረተኛው የስፖርት መምህር አስረስ ከባንኮኒው ወዲህ ቆመዋል፤ የቀድሞ ተማሪያቸው ፋርማሲስቷ ሰናይት ከባንኮኒው ወዲያ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።)

ሰናይት፦ አልሸጥልዎትም ቲቸር። ስነግርዎት ይኼ ሦስተኛዬ ነው።

አስረስ፦ እኔ «ሜዳውን ሁለት ዙር» ስልሽ ሦስቴ አስደግመሽኝ ታውቂያለሽ?

ሰናይት፦ ስለምፈራዎት በመጀመሪያው እሮጥ ነበር።

አስረስ፦ ዛሬም ፍሪኝ እንግዲህ! አንድ ቲዩብ ቅባት ብቻ። እሑድ የጤና ቡድናችን የፍጻሜ ጨዋታ አለው። በስድሳ አራት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋንጫ ልነካ ነው።

ሰናይት፦ የሚያሳክክዎት የት ላይ ነው?

አስረስ፦ ወገቤ አካባቢ።

ሰናይት፦ ወገብዎት?

አስረስ፦ ትንሽ ዝቅ ብሎ።

ሰናይት፦ ብሽሽትዎት ላይ ነው።

አስረስ፦ ቀስ በይ፣ በሩ ክፍት ነው! ለነገሩ ምን ቀረኝ፤ ባለፈው ፍጹም ቅጣት ምት ሲመታብኝ እጄ የት እንደነበር አዳማ በሙሉ አይቷል።

ሰናይት፦ ሰምቻለሁ። ኳሷ ስትገባ ቲቸር በግራ እጃቸው እያከኩ ነበር አሉ።

አስረስ፦ ውሸታቸውን ነው። በሁለቱም እጄ ነበር።

ሰናይት፦ ቅባቱን ከጀመሩ ስንት ጊዜ ሆነዎት?

አስረስ፦ ሦስት ወር። ስቀባው በሁለተኛው ቀን ጸጥ ይላል። ስተወው ይመለሳል። እንዲህ ስንዳረቅ ከረምን።

ሰናይት፦ ሲመለስ እዚያው ቦታው ላይ ነው?

አስረስ፦ ሰፋ ብሎ። አሁን ጭኔን ጨርሶ ወደ ጉልበቴ እየወረደ ነው። ሠላሳ ዓመት አሠልጥኜ እንደሱ ያለ ሯጭ አላፈራሁም።

ሰናይት፦ ይኸው ነው ችግሩ። እዚህ ቲዩብ ውስጥ ያለው ሁለት መድኃኒት ነው። አንዱ ፈንገሱን ይገድላል። ሌላው ስቴሮይድ ነው፤ መቅላቱንና ማሳከኩን ቶሎ ያጠፋል፣ ግን ቆዳው ፈንገሱን የሚከላከልበትንም አቅም ያዳክማል። እርስዎ ዳንኩ ብለው ይተዉታል፤ ጭርቱ ደግሞ ተደላድሎ ይስፋፋል።

አስረስ፦ ስቀልበው ነው በይኛ የከረምኩት።

ሰናይት፦ ቆዳዎትም ይሳሳል። ብሽሽት ላይ ደግሞ ቆዳው መድኃኒቱን ቶሎ ነው የሚመጥጠው። ቀላ ያለ ሰንበር አላዩም?

አስረስ፦ አይቻለሁ። የወፈርኩ መስሎኝ እራት ትቼ ነበር።

ሰናይት፦ ቲቸር!

አስረስ፦ እንዲህ ከሆነ ለምን መደርደሪያ ላይ ታስቀምጡታላችሁ?

ሰናይት፦ ሐኪም አይቶ ሲያዘው፣ በስሱ፣ ለጥቂት ቀን ይጠቅማል። ለፊት፣ ለብሽሽት፣ ለሕፃን ልጅ ግን እንዲሁ አይቀባም። ለእርስዎ ማን አዘዘልዎት?

አስረስ፦ ሽመክት።

ሰናይት፦ ሐኪም ነው?

አስረስ፦ የቡድናችን የግራ ተመላላሽ ነው።

ሰናይት፦ እሱም ከዚያው ቲዩብ ይቀባል?

አስረስ፦ …ይቀባል።

ሰናይት፦ ሌላስ ማን ይቀባል?

አስረስ፦ አሥራ አንዱም። ከሁለት ተቀያሪዎች ጋር። ከጨዋታ በፊት በሰልፍ አቆማቸውና በየጣታቸው ጠብ አደርግላቸዋለሁ። የሚያሳክከውም የማያሳክከውም። ለመከላከል ብዬ!

ሰናይት፦ ትጥቁስ?

አስረስ፦ ባንድ ጆንያ ነው። ማሊያው ቁጥር አለው፤ ቁምጣው ግን የደረሰው ይለብሰዋል።

ሰናይት፦ ከእንግዲህ ሁሉም የየራሱን ቁምጣና ፎጣ ይያዝ። ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይድረቅ፣ ይተኮስ። ለእርስዎ ፈንገሱን ብቻ የሚገድለውን እሰጥዎታለሁ። ጠዋትና ማታ፣ ከጠርዙ ትንሽ አልፈው ይቀቡታል። የጠፋ ሲመስልዎት እንዳያቆሙ፤ ሁለት ሳምንት ይጨምሩበት። ስለሰፋ ደግሞ ሰኞ የቆዳ ሐኪም ይየው፤ የሚዋጥ ሊያስፈልግ ይችላል።

አስረስ፦ እሑድስ?

ሰናይት፦ እሑድ ሊብስብዎት ይችላል። ስቴሮይዱ ሲቆም መጀመሪያ ይቀላል፣ ያሳክካል።

አስረስ፦ እዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት? ሰናይትዬ፣ ሦስት ቀን ብቻ ጸጥ አድርጊልኝ። ከሰኞ ጀምሮ ያልሽኝን ሁሉ አደርጋለሁ።

ሰናይት፦ አሰላ ለውድድር ሄደን ቁርጭምጭሚቴ ሲዞር ያኔ ምን እንዳደረጉልኝ ያስታውሳሉ?

አስረስ፦ እንዴት እረሳለሁ! ቀዝቃዛውን ስፕሬይ ነፋሁልሽ፣ ተነሣሽ፣ ሮጠሽ ሁለተኛ ወጣሽ! እስከዛሬ ላገኘሁት ሁሉ የማወራው እሱን አይደል?

ሰናይት፦ ሕመሙ ጸጥ አለ፣ ሮጥኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ሮጬ አላውቅም።

አስረስ፦ …ይኼ በርጩማ…

ሰናይት፦ ቆሜ ከዋልኩ ያብጥብኛል።

አስረስ፦ እኔ ደግሞ ሥራ ጠልተሽ መስሎኝ፣ ባለፈው በርሽ ላይ ቆሜ ቀልጄብሻለሁ። ምነው እስከዛሬ ሳትነግሪኝ?

ሰናይት፦ ሲያወሩት በጣም ደስ ይልዎታል።

አስረስ፦ በይ ያንን ያልሽውን ስጪኝ። በረኛነቱን ለተቀያሪው ለኩምሳ ለቅቄለታለሁ፣ በገዛ ቁምጣው ይግባ። ሰዎቼንም ነገ በሰልፍ አመጣልሻለሁ፤ ሰልፉን እንደሆነ ለምደውታል። ብቻ እሑድ አንቺም ነይ። እኔ ሜዳው ዳር ቆሜ እያከክኩ አያለሁ፤ ላንቺ ግን ወንበር ይዤልሽ እጠብቃለሁ።