ሦስት ቁጥር ላይ ያለው በር

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበሩ መሪጌታ ገብረ ዮሐንስ፣ ባልደረቦቼ፤ ሥራችሁን ትታችሁ ለእኔ ስለ ተሰበሰባችሁ እግዜር ያክብርልኝ። ወይዘሮ ባንቺዓለም፣ ለስንብት ድግሱም ለጋቢውም አመሰግናለሁ። ጋቢውን ግን አሁን አልለብሰውም። ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

ሰባት ዓመት ካሜራ ክፍል ተቀምጬ እናንተን ሳይ ኖሬያለሁ። ማን ከሰዓቱ በፊት ሹልክ እንደሚል አውቃለሁ። አትስጉ፣ ዛሬ የማጋልጠው ራሴን ነው።

ያችን የገና ሰሞን ታስታውሳላችሁ? የነሐስ መስቀሉ ከዕቃ ቤት ጠፋ ተባለ። እኔ የሚዞረውን ካሜራ ቅጂ ከፈትሁ። ጥበቃችን ጋሼ ምስጋኑ ጋቢያቸውን ተከናንበው በአንድ በር ሲገቡ፣ ቆይተው ሲወጡ ይታያል። ካሜራው በየቁጥሩ ወደ ተመዘገበለት ቦታ ነው የሚዞረው፤ ከምስሉ በላይ «ቁጥር 3፣ ዕቃ ቤት» ይላል። ጽሑፉን ሶፍትዌሩ ላይ የጻፍሁት እኔ ነኝ።

«እኔ የገባሁት ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ ካሜራው እኮ ዕቃ ቤት ነው የሚለው» አልኋቸው፣ ፖሊስ አጠገቤ ቆሞ።

ዓይናቸው ደከም ያለ ነው። ስክሪኑን አዩት፣ አዩትና «እንግዲህ ካሜራው ካለ እኔ ምን እላለሁ» አሉ።

ሊወስዷቸው ሲሉ መሪጌታ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። «ልጄ ዘመኑ፣ ይኸ ደፉ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ቦት ጫማ ነው፣ መሪጌታ።»

«ዕቃ ቤት ስንገባ ጫማ እናወልቃለን እንዴ?»

ሮጬ ወጥቼ አየሁ። ካሜራው ያሳይ የነበረው የቤተ ክርስቲያኑን የጎን በር ነው። መስቀሉም በማግስቱ ከሌላ ሣጥን ተገኘ። እኔ ታዲያ «ሲስተሙ ተሳስቶ ነው» አልኋችሁ። በሲስተም ማን ይከራከራል? አመናችሁኝ።

ሲስተሙ አልተሳሳተም። ለበዓሉ አቧራውን ልጠርግ ካሜራውን ከምሰሶው አውርጄ ስመልሰው ትንሽ ዞሮ ገባ። ካሜራው የሚያውቀው ምን ያህል እንደሚዞርና እንደሚያጎላ እንጂ ምን እንደሚያይ አይደለም። እያንዳንዱን ቁጥር ወደ ቦታው አነጣጥሬ እንደገና መመዝገብ ነበረብኝ። የሩብ ሰዓት ሥራ ነው፤ በዓል ደረሰ ብዬ ተውሁት። በዚያ ላይ በሩን ብቻ አቅርቤ አጉልቼ ስለ ነበር ሁለቱ የወይራ በሮች መንታ መሰሉ። ኤልሳቤጥ፣ ቦታዬን የምትረከቢው አንቺ ነሽ፤ ካሜራው በተነካ ቁጥር ወጥተሽ በሩን በዓይንሽ እዪው።

ጋሼ ምስጋኑ፣ ወሬው ልጅዎ እስከ ተዳረችበት ገነተ ማርያም ድረስ ሄደ። ዛሬም «ካሜራ በከንቱ ሰው አይዝም» የሚሉ አሉ። ይኸን እየሰማሁ፣ እንጀራዬን ፈርቼ ዝም አልሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔው ሁለት ዓመት አደረ። አፍሬያለሁ።

እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሜ ልመጣ ነበር። ላሊበላ ግን ድንጋዩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቸገረኝ።

ባልደረቦቼ፣ እግዚአብሔር ከሐሰት ምስክር ይሰውራችሁ። ስማችሁን ለልጆቻችሁ ንጹሕ አድርጎ ያቆይላችሁ፤ በሄዳችሁበት ሁሉ ጫማችሁን የሚያይላችሁ ሰው አይጥፋ።

ጋሼ፣ ያን ቀን ካሜራው አልከሰሰዎትም፤ የከሰስሁዎት እኔ ነኝ። ይቅር ለእግዚአብሔር ይበሉኝ። ጋቢውን የምለብሰው እርስዎ ካለበሱኝ ነው። እስከዚያው አልቀመጥም።