አረንጓዴው «ሰርዝ»

(ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፤ ለሆስፒታሎች የኮምፒዩተር ፕሮግራም በሚሠራ አነስተኛ ድርጅት ቢሮ ውስጥ፣ ሃያ ስድስት ዓመት በአዋላጅነት ያገለገለችው ሲስተር ፈትለወርቅ ወጣቱ ፕሮግራመር አብነት ጠረጴዛ ፊት ቆማለች።)

ፈትለወርቅ፦ መልሰው! እንደነበረ አድርገህ መልሰው።

አብነት፦ ሲስተር፣ መጀመሪያ ይቀመጡ።

ፈትለወርቅ፦ በሚኒባስ ከሰዓት በላይ ተንገላትቼ የመጣሁት ወንበርህን ለማሞቅ አይደለም። ቀለሙን መልስልኝ።

አብነት፦ ቆይ፣ እኔ አልገባኝም። ባለፈው ሳምንት ደውለው «ኮምፒዩተሩ ላይ የምንጫነው በተን ቀለም አሳሳተኝ» ብለው ጮኹብኝ። እሺ ብዬ አስተካከልኩት። ዛሬ ደግሞ «አበላሽልኝ» ብለው መጡ። ምን ይሁን ነው የሚሉት?

ፈትለወርቅ፦ ባለፈው ሳምንት ስደውልልህ ምን አልከኝ? «ቀለሙ ምንም አልሆነም፣ ችግሩ የእርስዎ እጅ ነው» አላልከኝም? ምንም ያልሆነውን ነገር ታዲያ ምን ቆርጦህ ነካኸው?

አብነት፦ ማሻሻያ ነው። ፕሮግራም ይሻሻላል።

ፈትለወርቅ፦ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ የሆስፒታላችን ዲሲፕሊን ኮሚቴ እኔን ሊዳኝ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ሊያይ ነው። ማሻሻያው ትዝ ያለህ ትናንት ነው? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

አብነት፦ የኮሚቴውን ቀጠሮ እኔ አልያዝኩትም።

ፈትለወርቅ፦ ታውቀው ነበር ወይስ አታውቀውም?

አብነት፦ …የሆስፒታሉ አስተዳደር ነግሮናል።

ፈትለወርቅ፦ ይኸው! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሲባል እሰማ ነበር። ያንተ ግን ይብሳል። አንተ የጅቡን ዱካ ስትጠርግ ነው የተገኘኸው።

አብነት፦ ሲስተር፣ አፍዎን ይሰብስቡ። እዚህ ወረቀት አለኝ። ኮምፒዩተሩ ራሱ የመዘገበው ነው። ላንብብልዎ? «አስር ሰዓት ከአስራ ሁለት ደቂቃ። ሲስተር ፈትለወርቅ ገድሉ። የደም ጥያቄ። ሰርዝ።» ማን ተጫነው? እኔ?

ፈትለወርቅ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ወረቀትህ እጄ የነካውን መዝግቧል። ዓይኔ ያየውን መዝግቧል?

አብነት፦ ዓይንዎ ያየውን እኔ በምን ልወቅ?

ፈትለወርቅ፦ እነግርሃለኋ! ሁለት ዓመት በዚህ ፕሮግራም ሠርቻለሁ። ምርመራ ስጠይቅ፣ መድኃኒት ሳዝ፣ አልጋ ስይዝ፣ በሁሉም ገጽ ላይ በቀኝ በኩል ያለው አረንጓዴ በተን «ላክ» ነው። ቀዩ «ሰርዝ» ነው። ግራጫው ደግሞ «ገና አልሞላሽም፣ አትንኪኝ» የሚል ነው። ዋሸሁ?

አብነት፦ አልዋሹም።

ፈትለወርቅ፦ ከሦስት ሳምንት በፊት የደም መጠየቂያ የሚባል አዲስ ገጽ ጨመራችሁ። በደጉ ጊዜ በወረቀት ነበር የምንጠይቀው። እዚያ ገጽ ላይ አረንጓዴው ምን ነበር?

አብነት፦ «ሰርዝ» ነበር።

ፈትለወርቅ፦ «ላክ»ስ?

አብነት፦ ግራጫ። ግን ተጽፎበታል እኮ! በግልጽ፣ በአማርኛ ተጽፎበታል። ማንበብ ብቻ ነበር የሚጠበቅብዎ።

ፈትለወርቅ፦ ማንበብ! ስማ አንተ ልጅ። ዝናሽ ትባላለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ የመጀመሪያ ልጇን ነው የወለደችው። ሕፃኑ ደህና ወጣ። ከዚያ ደሟ እንደ ቧንቧ ተከፈተ። ደሙ እንዲቆም ማህጸኗን እያሸሁ ነበር፤ ረዳቴ ስትተካኝ ጓንቴን ገፍፌ ጥዬ ወደ ኮምፒዩተሩ ዞርኩ። ስሟን ሞላሁ፣ የደም ዓይነቷን ሞላሁ። ያለኝ አስር ሰከንድ ነው። ያን ጊዜ ፊደል አይታይም፤ የሚያነበው እጅ ነው። እጄ ሁለት ዓመት የተማረውን አነበበ።

አብነት፦ ከዚያስ? መድረሱን ለምን አላረጋገጡም?

ፈትለወርቅ፦ አረጋገጥኩ እንጂ! «ተከናውኗል» አለኝ። ብልክም «ተከናውኗል» ነው፣ ብሰርዝም «ተከናውኗል» ነው። ደሙ እየመጣ ነው ብዬ ሠላሳ አምስት ደቂቃ በር በር አየሁ። በመጨረሻ ግቢውን አቋርጬ ሮጥኩ። የደም ባንኩ ሰውዬ «ምንም ጥያቄ አልመጣልኝም» ብሎ ሻይ ይጠጣል።

አብነት፦ እናትየዋ ተርፋለች ብለውናል።

ፈትለወርቅ፦ ተርፋለች። ማህጸኗ ግን ወጥቷል። ስትነቃ እጄን ይዛ «ሲስተር፣ የሚቀጥለው ሴት ትሁንልኝ ብዬ ተስያለሁ» አለችኝ። ገና አልነገሯትም ነበር።

አብነት፦ …ይህን አላወቅሁም።

ፈትለወርቅ፦ አሁን አወቅህ። እንግዲህ መልሰው። ኮሚቴው በዓይኑ ይየው። ዛሬ ጠዋት ስከፍተው አረንጓዴው «ላክ» ሆኖ ቁጭ ብሏል፣ እንዳልነበረ! አሁን እኔ «ትናንትና ሰርዝ ነበር» ብል ማን ያምነኛል? ፈቃዴን ነው የሚቀሙኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው።

አብነት፦ ሌሎቹ ነርሶች ይመስክሩልዎ። እነሱም ገጹን ሲጠቀሙ ነበር።

ፈትለወርቅ፦ ጠየቅኋቸው። እነሱ ተረጋግተው አንብበው ነው የላኩት። «አረንጓዴ ነበር መሰለኝ፣ ቀይ ነበር መሰለኝ» ይላሉ። ኮሚቴ ፊት «መሰለኝ» ምን ይሠራል?

አብነት፦ ፎቶ አላነሱትም?

ፈትለወርቅ፦ ሌባ ይመጣል ብሎ የቤቱን ግድግዳ ፎቶ የሚያነሳ ሰው አይተህ ታውቃለህ?

አብነት፦ ሌባ አሉኝ? ጥበቃ ልጥራ?

ፈትለወርቅ፦ ጥራው! ጥራውና ምስክር ይሁነኝ።

አብነት፦ ስልጠና ወስደዋል። ፊርማዎ እጄ ላይ አለ።

ፈትለወርቅ፦ የምን ስልጠና? የድሮዎቹን ገጾች ከፍተህ አሳየኸን። የደሙ ገጽ ጋ ስትደርስ «ይኼ እንደ ሌሎቹ ነው፣ ልዩነት የለውም» ብለህ አለፍከው። ሻይ ቀርቦ ስለነበር ቸኩለህ ነበር።

አብነት፦ እንደ ሌሎቹ ነው ያልኩት አሠራሩን ነው።

ፈትለወርቅ፦ የማዋለጃ ክፍላችን ውስጥ አንድ ትሪ አለ። ደም ማቆሚያው መርፌ በቀኝ ጥግ ነው፣ መቀሱ በግራ ነው። ያንን ያለ ቦታው ያስቀመጠ ሰው በዚያች ቀን አብሮኝ አይሠራም። ጡረታ ከወጣች አስር ዓመት የሆናት አዋላጅ ዛሬ ብትገባ ዓይኗን ጨፍና ታገኘዋለች። አንተ ትሪዬን ገለበጥክና «ለምን አላነበብሽም» አልከኝ። አንድ ፕሮግራም ውስጥ አንዱ ገጽ ከሌላው እንዴት ይጣላል?

አብነት፦ እንዲህ መሆን አልነበረበትም። ለሁሉም ገጽ አንድ የቀለም ፋይል አለ። እያንዳንዱ በተን ቀለሙን ከዚያ ነው የሚወስደው፤ መላኪያው እንደ መላኪያ፣ መሰረዣው እንደ መሰረዣ። እዚያ አንድ ቦታ ከተስተካከለ ሁሉም ይስተካከላል።

ፈትለወርቅ፦ የደሙ ገጽ ታዲያ ከየት ነው የወሰደው?

አብነት፦ ከየትም አልወሰደም። ለአንድ መጋዘን ከሠራነው ፕሮግራም የተቀዳ ነው። ቀለሙ እዚያው በተኑ ላይ በእጅ ተጽፎ ነበር።

ፈትለወርቅ፦ ማን ነው የቀዳው?

አብነት፦ …እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ «ለዓርብ መድረስ አለበት» አለ። አንድ ሳምንት ጨምርልኝ አልኩት። «ቀለም የሠዓሊ ሥራ ነው፣ አንተ ገጹን አድርስ» አለኝ።

ፈትለወርቅ፦ ትናንት ስታስተካክለው ለአንዱ ኮምፒዩተር ስንት ጊዜ ፈጀብህ?

አብነት፦ ይኼ ምን ያደርግልዎታል?

ፈትለወርቅ፦ ስንት?

አብነት፦ አስር ደቂቃ።

ፈትለወርቅ፦ አስር ደቂቃ! ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ታዲያ ለመቼ ነበር? የዝናሽ ማህጸን የአስር ደቂቃ ሥራ ነበር በለኛ!

አብነት፦ እንዲህ አይበሉ! እኔም ሰው ነኝ። ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

ፈትለወርቅ፦ እንቅልፍህን አልጠየቅሁህም። አሁን የነገርከኝን ጽፈህ ፈርምልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

አብነት፦ እሱን አልችልም። በሚቀጥለው ወር ፕሮግራሙን አስራ አራት ሆስፒታል ሊወስደው ነው። ያ ወረቀት ከወጣ ይቺ ቢሮ ትዘጋለች። ሰባት ሰዎች ነን። ሥራ አስኪያጁም «አንተ ዝም በል፣ እኔ አለሁልህ» ብሎኛል።

ፈትለወርቅ፦ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ነገሩ ሲከፋ መጀመሪያ የሚገፈትረው አንተን ነው። ለመሆኑ አብነት ብሎ ስም ያወጣልህ ማን ነው?

አብነት፦ አባቴን አያንሱ! ይልቅ የምችለውን ልንገርዎ። ለኮሚቴው እደውልና «የሰው ስህተት ነው፣ ሆን ብላ አይደለም፣ ቅጣቱን አቅልሉላት» እላለሁ።

ፈትለወርቅ፦ አንተ አጥፍተህ ለእኔ ይቅርታ ልትለምንልኝ? አፈርኩልህ። በል ተወው፣ መጀመሪያ ያልኩህን አድርግ። እስከ ስምንት ሰዓት ብቻ መልሰው፣ ኮሚቴው ይየው፣ ከዚያ እንዳሻህ ቀባው።

አብነት፦ እሺ። ልመልሰው። ይኸው፣ ተቀመጥኩ። አሁን እርስዎ እዚህ እያሉ እዚያ የምትደማ እናት ብትገባስ? ተረኛዋ እጇ የለመደውን አረንጓዴ ብትጫንስ? ሁለተኛ ዝናሽ ይፈልጋሉ? ልጫነው?

ፈትለወርቅ፦ አትመልሰው።

አብነት፦ ምን አሉኝ?

ፈትለወርቅ፦ አትመልሰው አልኩህ! ፈቃዴንም ይውሰዱት። በእኔ የተነሳ ሌላ ሴት አትደማም።

አብነት፦ አዩ? ሌባም ዱካ ጠራጊም አሉኝ። እኔ ግን ትናንት ምሳ ሳልቀምስ የሆስፒታላችሁን አስራ አንድ ኮምፒዩተር አንድ በአንድ ገብቼ ነው ያስተካከልኩት። አንድም አላስቀረሁም። ለእናቶቹ እኔም አስባለሁ።

ፈትለወርቅ፦ የሆስፒታላችንን አልክ?

አብነት፦ አዎ፣ የማዋለጃውን፣ የድንገተኛውን፣ የቀዶ ሕክምናውን፣ ሁሉንም።

ፈትለወርቅ፦ ይኼ የደም ገጽ የተጫነው እኛ ጋ ብቻ ነው?

አብነት፦ አይ፣ ታችኛው ወረዳ ሆስፒታልም በዚያው ሳምንት ነው የጫንነው።

ፈትለወርቅ፦ ከእኛ የሃያ ደቂቃ መንገድ ያለው?

አብነት፦ አዎ እሱ።

ፈትለወርቅ፦ የእነሱንስ አስተካከልከው?

አብነት፦ እነሱ እንኳ እስካሁን ቅሬታ አላቀረቡም…

ፈትለወርቅ፦ አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል! «ለእናቶቹ አስባለሁ» ካልክ ደቂቃ አልሞላህም። እዚያ ሴት አትወልድም? ኮሚቴ ካልመጣላት እናት አይደለችም?

አብነት፦ ልሠራው ነበር፣ ሲስተር። ዛሬ ከሰዓት በኋላ…

ፈትለወርቅ፦ ኮሚቴው ከተነሳ በኋላ።

አብነት፦ ስልኩን ለምን አወጡት? ማን ጋ ሊደውሉ ነው?

ፈትለወርቅ፦ ስንቅነሽ ጋ። አብረን የተማርን ናት። አሁን የታችኛው ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል ኃላፊ ናት።

አብነት፦ አያስፈልግም፣ ያስቀምጡት! ኔትወርክ እስካለ ድረስ እዚሁ ሆኜ እቀይረዋለሁ፣ አስር ደቂቃ ነው! አውርተው ሳይጨርሱ ይጠፋል… ማለቴ፣ ይስተካከላል።

ፈትለወርቅ፦ ሄሎ፣ ስንቄ? ፈትለ ነኝ። የደሙ ገጽ ላይ ያለውን አረንጓዴ በተን ማንም እንዳይነካው፣ «ሰርዝ» ነው፤ ደም ካስፈለጋችሁ በእግራችሁ ሩጡ። እህ? ምክንያቱን ስመጣ እነግርሻለሁ። አሁን ግን ስልኩን ሳትዘጊ የኔትወርኩን ገመድ ከኮምፒዩተሩ ንቀይልኝ፤ ስምንት ሰዓት ላይ ኮሚቴውን ይዤ አንቺ ጋ እመጣለሁ።