የካርቶኑ ጋስኬት

ማክሰኞ ጠዋት ዳቦ ገዝቼ ስመለስ በሰፈራችን ሰፊው መንገድ ላይ የሚያስቅ ነገር ገጠመኝ። ሰፈሩ ሁሉ "እትዬ" ብቻ የሚላቸው ጎረቤቴ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው በእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ይራመዳሉ። ባለቤታቸው ደግሞ ክንዳቸውን በመስኮት አውጥተው፣ መኪናቸውን በሰው እርምጃ ልክ እየነዱ፣ "ግቢ እንጂ፣ ሰው ምን ይለናል?" እያሉ ይለማመጧቸዋል። እትዬ ዘወር ብለው እንኳ አያዩም። ከኋላ የተሰለፉት ሦስት መኪኖች ጥሩምባቸውን ያስጮኻሉ።

እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የማርመው ደብተር ስለሌለኝ ሰው አርማለሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "አንተ ሳትጠራ የማትገባበት ሸንጎ የለም" ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው፤ ቆሜ ምን እንደተፈጠረ ጠየቅሁ።

ባልየው ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። በሰፈሩ የሚታወቁት "ጋሽ ይበቃል" በሚል ቅጽል ስም ነው። የወንበር እግር ቢሰበር በሽቦ፣ ቧንቧ ቢያፈስ በጨርቅ አስረው "ይበቃል!" ስለሚሉ ነው። ጡረታ ሲወጡ የገዟትን ይህችን መኪናም ጋራዥ አያስነኳትም፤ ራሳቸው ናቸው የሚጠግኗት። የአምስት ሰዓት መንገድ ርቃ የምትኖረው ልጃቸው የመጀመሪያ ልጇን ወልዳለች፣ ቅዳሜ ሊጠይቋት ሊሄዱ ነው። እትዬ ግን "በአውቶቡስ እሄዳለሁ እንጂ እዚህ መኪና ውስጥ እግሬን አላስገባም" ብለው ምለዋል።

"እስቲ ይፍረዱን መምህር" አሉኝ እትዬ። "እዚህ መኪና ውስጥ ስገባ ራሴን ይፈልጠኛል፣ ዓይኔ ይከደናል። ባለፈው ልጃችን ዘንድ ስንደርስ ተደግፌ ነው የወረድኩት። እሱ ደግሞ 'ጨዋታዬን ንቀሽ ነው የምትተኚው' ብሎ ሁለት ቀን አኮረፈኝ።"

"የምትተኛውማ እኔ ስነዳ መኪናው ስለማይናጥ ነው" አሉ ጋሽ ይበቃል። "ምስጋና ሲገባኝ ጭራሽ በአውቶቡስ እሄዳለሁ ትላለች። ልጄ ደጃፍ ብቻዬን ስወርድ ምን ብዬ ልመልስላት ነው፣ መምህር? እናትሽ እኔን ሸሽታ በአውቶቡስ እየመጣች ነው ልበል?"

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ሰለለ። ነገሩ የሚያስቅ ብቻ አለመሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሰውየው ከልባቸው አዝነዋል።

የወንድማቸው ልጅ ከአደባባዩ ማዶ ጋራዥ እንደምትሠራ አውቃለሁ፤ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተምራ በማዕረግ የተመረቀች መካኒክ ናት። መኪናዋን እሷ ትይልዎት አልኳቸው። "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" ብለው ተቆጡ፤ ትናንት በጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው መሪ ያስጨበጧት ልጅ ዛሬ ልታስተምራቸው አይገባም። ብዙ ከተከራከርን በኋላ፣ ለእኔ ለሽማግሌው ሲሉ እሺ አሉ። እኔ ከኋላ፣ እትዬ በሚቀመጡበት በኩል ተሳፈርኩ። እትዬ በእግራቸው ተከተሉን።

ገና ሁለት መታጠፊያ እንዳለፍን የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ለጋሽ ይበቃል ብነግራቸው "ምንም አይሸተኝም" አሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ አፍንጫም ሳይሆን አይቀርም።

መካኒኳ ሰማያዊ ቱታዋን ለብሳ፣ እርሳስ ከጆሮዋ ላይ ሰክታ ተቀበለችን። አጎቷን ጎንበስ ብላ ሳመች። ሞተሩ ሳይጠፋ በወፍራም ጓንት የታጠፈ ጨርቅ ይዛ ጭስ የሚወጣበትን የማርሚታውን ጫፍ ለአፍታ ደፈን አደረገችው። ወዲያው ከመኪናው ሆድ ሥር ፉጨት ተሰማ። "ከመሃል ይሾልካል" አለች። እስኪበርድ ጠብቃ መኪናውን በክሪክ አነሳች፣ ጠንካራ መደገፊያም አስገባችለት፤ ከዚያ ከሥር ገብታ ሁለቱ ቱቦዎች የሚጋጠሙበትን ፈታች። ስትወጣ በእጇ የያዘችው ግማሹ ከሰል የሆነ፣ ግማሹ የሚፈረፈር ነገር ነበር።

"አጎቴ፣ ይህ ምንድን ነው?"

"ጋስኬት ነዋ፤ ጭሱ እንዳይወጣ መሃል የሚገባው። ከጫማ ካርቶን ቆርጬ ማጣበቂያ ቀብቼ የሠራሁት ነው።"

"በስንት ጊዜው ይቀይሩታል?"

"በየሁለት ሳምንቱ። ካርቶን እንደሆነ ቤት ሙሉ ነው።"

"እዚህ ቦታ ላይ እኮ ብረት የሚያግል ሙቀት ነው ያለው፣ አጎቴ። ካርቶን ሁለት ሳምንት መቆየቱም ተአምር ነው። ደግሞ የቱቦውን አፍ ይዩት፤ ጠፍጣፋ አይደለም፣ እንደ ስኒ ጎድጎድ ያለ ነው። የሚፈልገው ውስጡ ገጥሞ የሚቀመጥ ወፍራም ቀለበት ነው። ጠፍጣፋ ነገር የፈለገውን ያህል ቢጠብቅ በጎኑ ያሾልካል።"

"ለዚህ ነው እኮ ስፕሪንጉ እስኪጨፈለቅ ድረስ ቡሎኑን ያጠበቅኩት።"

"እሱም ሌላው ጥፋት ነው። ሞተር ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፤ ስፕሪንጉ የተደረገው መጋጠሚያው አብሮት እንዲንቀሳቀስ ነው። ጨፍልቀው ካሰሩት ዛሬ ጋስኬቱ፣ ነገ ቱቦው ራሱ ይሰነጠቃል።"

ጋሽ ይበቃል ወደ እኔ ዞረው ፈገግ አሉ። ተማሪ ሁሉ መጽሐፉን እንደሚያነበንብ ነገሩኝ። ከዚያ ወደ እሷ ተመለሱና፣ "ይሹለክ እንበል። የሚሾልከው ከሥር ነው፣ ነፋስ ይወስደዋል። ማንን ይጎዳል?" አሏት።

መካኒኳ የኋላውን በር ከፍታ ከእትዬ መቀመጫ እግር ሥር ያለውን ምንጣፍ ገለጠች። የመኪናው ወለል ላይ የጎማ ውታፉ የወደቀበት ክብ ቀዳዳ ነበር፤ ዙሪያውን ጥቀርሻ ለብሷል። ሦስታችንም አጎንብሰን አየነው።

"ነፋሱ የወሰደው ወደዚህ ነው" አለች በዝግታ። "ከጭሱ ጋር መልክም ሽታም የሌለው መርዝ አለ። ራስ ይፈልጣል፣ ያስተኛል። ሲበዛ ደግሞ የተኛው አይነሳም።"

"ታዲያ እኔን ለምን አያስተኛኝም?"

"እስቲ ሁለቱን ክንዶችዎን አጠገብ ለአጠገብ ያድርጉልኝ።"

እጅጌያቸውን ሰብስበው ዘረጉ። የግራው በፀሐይ ጠቁሮ የሌላ ሰው ክንድ መስሏል። "እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ክንድዎን በመስኮት አውጥተው፣ ንጹሕ አየር እየሳቡ ነው የሚነዱት" አለች። "እትዬ ግን ብርድ ይመታኛል ብለው መስኮታቸውን ዘግተው ከኋላ ነው የሚቀመጡት።"

ጋሽ ይበቃል ክንዳቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። ከዚያ የተደራረበ ጎማ ላይ ቁጭ አሉ። እትዬ ያን ጊዜ ደርሰው በሩ ላይ ቆመዋል።

"እኔ እኮ አኮረፍኳት" አሉ ሽማግሌው፣ ለማን እንደሚናገሩ ሳያውቁ። "እየመረዝኳት ለምን ተኛሽ ብዬ አኮረፍኳት። ይቅር በይኝ።"

እትዬ ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ትከሻቸውን መታ መታ አደረጉ። "አንተን ይቅር ብያለሁ" አሉ። "መኪናህን ግን ገና ነኝ።"

ጋራዡ በሙሉ ሳቀ። እኔም ዓይኔን ጠረግሁ፤ ከሳቁ ነው ብዬ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የበለጠ ያስቃል። ጋሽ ይበቃል ከሥራው ሊለዩ አልቻሉም። የድሮው ካርቶን ትራፊ ከብረቱ ላይ በሽቦ ብሩሽ እስኪጸዳ አብረው ፈተጉ። ከመለዋወጫ መደብር የመጣውን የመጀመሪያውን ቀለበት ራሳቸው ለክተው "ሁለት ሚሊ ሰፍቷል፣ አይሆንም" ብለው መለሱት። መካኒኳ "በዚህ መጠንማ ስፕሪንጉ ይይዘዋ..." ብላ ሳትጨርስ፣ "ዝም በይ፣ ልክ ያልሆነ ነገር እኔ መኪና ላይ አይገባም" አሏት። ሁለተኛው ልክ ሆነ። አዲስ ቡሎንና ስፕሪንግ ገባለት፤ ግራና ቀኙን እያፈራረቁ፣ ሳይጨፈልቁ አጠበቁት። ለወለሉም ቀዳዳ አዲስ ውታፍ ተገኘለት። ጨርቁ እንደገና ማርሚታው ላይ ሲያዝ ከሥር ምንም አልተሰማም።

እትዬ ግን በወሬ የሚታለሉ ሴት አይደሉም። ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ በመኪናዋ ገበያ ደርሰው እየተመለሱ ፈተኑት። ዓርብ ማታ በአጥር በኩል "መምህር፣ ራሴ ደህና ነው" አሉኝ። ቅዳሜ ጠዋት ፈራጁ እኔ ነኝና እኔንም ይዘውኝ ተነሡ።

መንገዱን ሙሉ ሳስብ የነበረውን እዚህ ላይ ልጻፈው፣ አስተማሪ ነኝና ታገሱኝ። ለአንድ ነገር ልኩን መፈለግ ቅንጦት ይመስለናል። ጋሽ ይበቃል ሰነፍ ሰው አልነበሩም፤ ካርቶኑን በየሁለት ሳምንቱ እየቆረጡ፣ ከመኪና ሥር እየተንፏቀቁ ከማንም በላይ ይደክሙ ነበር። ልኩን አንድ ጊዜ ቢገጥሙ ኖሮ ድካሙ ይቀርላቸው ነበር፤ ቱቦው ይድን፣ ሞተሩ ድምፁ ይረግብ፣ ከሁሉ በላይ የሰው ጤና ይጠበቅ፣ ትዳርም ከኩርፊያ ያርፍ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። የተማረ ልጅ ሲናገር መስማት ደግሞ የሽማግሌን ክብር አይቀንስም። እኔ ጋሽ ይበቃልን እንደዚያ ቀን አክብሬያቸው አላውቅም።

አምስቱን ሰዓት እትዬ ዓይናቸውን አልከደኑም። ስለ ድልድዩ፣ ስለ ባሕር ዛፉ፣ ስለ ቀይ ጣሪያው ቤት ጠየቁ፤ ባለቤታቸው እየነዱ መለሱ። ስንደርስ ልጃቸው ሕፃኑን ታቅፋ ደጃፍ ቆማለች። እናቷን ለመደገፍ አንድ እጇን አስቀድማ ዘርግታ ነበር። እትዬ ግን ማንም ሳይነካቸው ወርደው ሕፃኑን ተቀበሏት።

"እማዬ፣ መንገዱ አልከበደሽም?" አለች ልጅቷ ግራ ገብቷት።

"አራት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ" አሉ እትዬ፣ ሕፃኑን ወደ ደረታቸው እያስጠጉ። "ያየሁት ግን ዛሬ ነው።"