የሰዓት ሠሪው ኢንተርኔት ለምን ዘገየ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዳቦ ገዝቼ ወደ ቤቴ ስወጣ ሰዓት ሠሪውን ጎረቤታችንን ደረጃው ላይ አገኘሁት። የገዛ ቤቱ ቁልፍ በእጁ ነው፤ ነገር ግን ወደ ቤቱ አይገባም፣ ወደ ታችም አይወርድም። ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ ጆሮውን ፊት ለፊት ላለው በር ሰጥቶ ቆሟል። የዚያ በር ባለቤት በቴክኒክ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር የሚያስተምር፣ ከእናቱ ጋር የሚኖር ወንደላጤ ነው። ከበሩ ኋላ ሴት ስትስቅ ተሰማ። ሳቋን አወቅሁት፤ የሰዓት ሠሪው ሚስት ነበረች።

«ሰላም ነህ ወይ?» አልሁት።

«የምን ሰላም፣ መምህር» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይሰማዎታል? እኔ ቤት እንዲህ ስትስቅ መቼ ሰምተዋታል?»

ሚስቱ በጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። የሥራ ደረጃዋን ለማሻሻል በኢንተርኔት ስትማር መክረሟን የሕንጻው ነዋሪ ሁሉ ያውቃል። ፈተናው የሚመጣው ሐሙስ ነው። ተፈታኟ በራሷ ቤት፣ ማንም በሌለበት ክፍል ተቀምጣ በኮምፒውተር ትሠራዋለች፤ መስመሩ ቢቋረጥ ወይም ገጹ በጊዜው ባይከፈት ግን የዓመት ልፋቷን ውሃ በላው ማለት ነው።

«ልታጠና ሄዳ ይሆናላ» አልሁት።

«እሷማ ጥናት ነው የምትለው! የእኛ ቤት ኮምፒውተር አንድ ገጽ እስኪከፍት ጸጉር ይሸብታል፤ የእሱ ቤት ግን ዓይን ሳይርገበገብ ይከፍታል አለችኝ። እኔና እሱ ከአንድ ድርጅት፣ እኩል ከፍለን ነው ያስገባነው። ታዲያ የኔ ለምን ያነክሳል? የእሱ ለምን ይበራል? የኔን እየጠጣው ነዋ! መጀመሪያ መስመሬን ወሰደ፤ ቀጥሎ ደግሞ . . .»

ቀጥሎ ያለውን ዋጠው። ሌላ በሽታ የያዘው ሰው ሐኪም ይፈልጋል፤ ቅናት የያዘው ሰው ግን የሚፈልገው ምስክር ነው። እኔንም በምስክርነት ሊቆጥረኝ ዳድቶት ነበር።

በዚህ መካከል በሩ ተከፈተና ወጣቱ ብቅ አለ።

«ጋሼ! እንኳን አገኘሁዎት። እትዬ የልምምድ ፈተናዋን አሁን ጨረሰች። ከስህተቷ አንዱ እናቴን ሳይቀር አሳቃት» አለ።

«እኔንም ንገሩኝና ልሳቅ» አለ ሰዓት ሠሪው ሳይስቅ።

«ጋሼ፣ ነገሩ ሳቅ አይደለም። የሐሙሱን ፈተና እኛ ቤት ልትሠራው አትችልም። እናቴ አንድ ጊዜ ብታስላት እንኳ ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ አለ ብለው ይሰርዙባታል። ኮምፒውተርዎን ልየው ብዬ ደጋግሜ ለመንኩዎት።»

«ሌባው በሩን ልጠግንልህ ሲል ሰምተው ያውቃሉ፣ መምህር?» አለኝ ሰዓት ሠሪው።

ወጣቱ ቀላ፤ ግን አልተቆጣም። «ጋሼ፣ እርስዎ የተከበሩ ባለሙያ ነዎት። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ወደ ኋላ የሚቀር ሰዓት ቢያመጡልዎት ምን ያደርጋሉ?»

«እከፍተዋለሁ።»

«መደርደሪያው ላይ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰዓት ደቂቃዬን ሰረቀኝ ብለው አይከሱትም?»

እኔ ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ዳቦውን አፌ ላይ ያዝሁ።

«እሱ ሌላ ነው» አለ ሰዓት ሠሪው። «ሰዓት ከሰዓት ጋር በገመድ አልተገናኘም።»

«እኔና እርስዎም አልተገናኘንም። የእርስዎ መስመር ለብቻው ነው፣ የኔም ለብቻው። ተሳስቼ ከሆነ ምርመራው ያሳፍረኛል። እፊትዎ እከፍተዋለሁ፤ አንድ ነገር ስነካ ምን እንደነካሁ እነግርዎታለሁ። እጄን እያዩ ይጠብቁኝ።»

ሚስቲቱ ይህን ጊዜ መጽሐፏን ታቅፋ ከኋላው ወጣች። «ይየው እንጂ! ምን ይወስድብሃል?» አለች። «ወይስ እንድወድቅ ነው የምትፈልገው?»

ይህ ቃል ከነገሩ ሁሉ የበለጠ ወጋው መሰለኝ። ቁልፉን አዞረና ሁላችንም ገባን።

ቤቱ ንጹሕ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰዓቶች ሁሉ በአንድ ቃል ይመታሉ። ኮምፒውተሩ በመስኮቱ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ሚስቲቱ ሻይ ልታፈላ ወደ ማድ ቤት ስትገባ ወጣቱ ዙሪያውን ተመለከተና ጠየቀ፦

«ዋይፋዩ የት ነው?»

ሰዓት ሠሪው ጥግ ወደቆመው የብረት ቁም ሣጥን ሄዶ በሌላ ቁልፍ ከፈተው። ዋይፋይ የሚያሠራጨው ሣጥን እዚያ ውስጥ፣ ከካፖርት ሥር፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

«ይህ ምንድን ነው፣ ጋሼ?»

«እንዳይሰረቅ ነዋ! ግድግዳ ያልፋል ይባላል። ብረት ግን አያልፍም አሉኝ።»

«እውነት ነው፣ ብረትን እንደ ልቡ አያልፍም» አለ ወጣቱ በትሕትና። «ስለዚህ ወደ እርስዎ ጠረጴዛም አልደረሰም። ሰው ውሃዬን እንዳይጠጡብኝ ብሎ ቧንቧውን በሲሚንቶ ቢደፍነው ማን ይጠማል? ከእኔ የሚጠብቅዎት ብረት አይደለም፤ የይለፍ ቃል ነው። እሱንም አሁን ራስዎ ይቀይሩት፤ እኔ ፊቴን አዞራለሁ።»

እንዳለውም አደረገ፤ ወደ በሩ ዞሮ ቆመ። ሰዓት ሠሪው በአንድ ጣቱ እየለቀመ አዲስ ቃል ጻፈ። ሣጥኑን ከፎጣው አውጥተው መደርደሪያው ላይ፣ ከፍ ብሎ ግልጥ ባለ ቦታ አስቀመጡት። የትምህርቱን ገጽ ሲከፍቱት ከቀድሞው ፈጠነ፤ ሆኖም ክቧ ምልክት እየተሽከረከረች ብዙ አስጠበቀችን።

«አየህ!» አለ ሰዓት ሠሪው፣ እየተረታ የነበረ ሰው ድንገት እንደ ማሸነፍ ሲቃጣው። «አሁንም ይጎትታል።»

«ጥሩ። አንዱን ምክንያት አውጥተናል፤ ሌላ ቀርቷል ማለት ነው። አንድ ላይ ብዙ ነገር ብንነካ ኖሮ የትኛው እንደረዳን አናውቅም ነበር። አሁን መስመሩን ከኮምፒውተሩ እንለይ።» የራሱን ላፕቶፕ አስመጥቶ፣ አዲሱን የይለፍ ቃል ሰዓት ሠሪው ራሱ ካስገባለት በኋላ፣ በዚያው መስመር ያንኑ ገጽ ከፈተ። ገጹ ወዲያው ተዘረጋ። ቀጥሎም የሰዓት ሠሪውን ኮምፒውተር ብቻ ከመስመሩ ሲያወጣው የላፕቶፑ ገጽ ይበልጥ ፈጠነ።

«ስለዚህ መስመርዎ ደኅና ነው፤ ማንም አልጠጣውም» አለ ወጣቱ። «ነገሩ እዚህ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። እንዲያውም መስመሩን የሚጎትተው እሱ ነው።»

ሰዓት ሠሪው ወንበር ስቦ ቀረበ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ጊዜ ቅናቱን ረስቶ ሙያተኛነቱ አሸንፎት ነበር። ዓይኑ፣ ማጉያውን አድርጎ የሰዓት ሞላና ማርሽ ሲመረምር እንደማየው ጠበበ። ወጣቱ የተከፈቱትን ገጾች አሳየው፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ያልተዘጉ ነበሩ።

«ከዘጋሁት የሚጠፋብኝ መስሎኝ ነው» አለ ሰዓት ሠሪው።

«አይጠፋም። የሚፈልጉትን ምልክት አድርገው ይዝጉት። የከፈቱት ሁሉ ከጉልበቱ ይበላል።»

ከዚያ ‹ኢንተርኔት አፍጥናለሁ› እያሉ ራሳቸውን ያስጫኑ ተቀጥላ ፕሮግራሞች ተገኙ። እያንዳንዱን እየጠየቀ አስወገደለት። «አፋጣኞቹ ሁሉ ጋሪው ላይ ወጥተው ተቀምጠው፣ ፈረሱን ቶሎ በል ሲሉት ኖረዋል» አለ። ሰዓት ሠሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ወጣቱ ግን የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ከፍቶ ሲያይ እጁ ቆመ። አንድ ጊዜ ወደ ማድ ቤቱ፣ አንድ ጊዜ ወደ ሰዓት ሠሪው ተመለከተ።

«ጋሼ» አለ በሹክሹክታ፣ «ይህን ማን ጫነልዎት?»

የሰዓት ሠሪው ፊት ዳመነ። «ገበያው ዳር ያለው ስልክ ጠጋኝ።»

«ምን እንደሚሠራ ያውቃሉ?»

እኔ አልገባኝምና ጠየቅሁ።

«ስክሪኑን በየጊዜው ፎቶ እያነሣ ወደ ሌላ ስልክ ይልካል» አለኝ ወጣቱ። «ያለ ዕረፍት ይልካል። ጠባብ ደረጃ ላይ ሸክም ይዘው የሚወጡ ሰዎች ቢበዙ የሚወርደው መንገድ ያጣል፤ ገጹም እንደዚያው ነው መንገድ የሚያጣው። ያዘገየዎት ይህ ነው፣ ጋሼ።»

«ቤቴን ብጠብቅ ነውር ነው?» አለ ሰዓት ሠሪው። «ጭድና እሳት አንድ ቤት እየዋለ ዝም ልበል? አንተ ወጣት ነህ፣ የተማርህ ነህ። እሷም ተምራ ደረጃዋ ከፍ ይላል። እኔ ማን ነኝ? ሰው ሰዓቱን በስልኩ በሚያይበት ዘመን ሰዓት የምጠግን!»

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነበር።

«ጋሼ» አለ ወጣቱ፣ «እኛ ቤት የመጣችው ገጹ ስለዘገየ ነው። ገጹን ያዘገየው ይህ ነው። ይህን ያስጫኑት ደግሞ እርስዎ ነዎት። ወደሚፈሩት በር በገዛ እጅዎ ገፏት ማለት ነው። እኔ ምን አደረግሁ? እናቴ አጠገቧ ሹራብ ትሠራለች፤ እኔ ማዶ ሆኜ የተማሪ ወረቀት አርማለሁ።»

«ካስጫንኸውስ በኋላ ምን አየህ?» አልሁት እኔ።

ሰዓት ሠሪው አንገቱን ደፋ። «ኩላሊት» አለ። «ጉበት። የቆሰለ እግር። አንድ ቀን ምሳዬን እየበላሁ ስልኬን ብከፍት የተቀደደ ሆድ መጣብኝ፤ ምሳውን ትቼ ተነሣሁ። ሌላ ምንም አላየሁም። ምንም ባላየሁ ቁጥር ግን ደብቃው ነው እል ነበር።»

«አሁን ላጥፋው?» አለ ወጣቱ። «እትዬ ሳትመጣ አጠፋዋለሁ። ከኔ አፍ አይወጣም።»

ሰዓት ሠሪው ወደ ማድ ቤቱ በር ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። «ጥፋቱን አንተ አጥፋው» አለ፤ «መንገሩን ግን ለኔ ተውልኝ።»

ተነሥቶ ገባ። ምን እንዳለ አልሰማንም፤ የሰማነው ማንኪያ ሲወድቅ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሚስቲቱ ሻዩን ራሷ ይዛ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል። ሻዩን ለእኔና ለወጣቱ አቀረበች፤ ባሏን ዘለለችው።

«ሐሙስ ይለፍ» አለች ፊቷን ሳትመልስለት። «ከሐሙስ በፊት አንድ ቃል እንዳትናገረኝ። አሁን ገጹን አሳዩኝ።»

ወጣቱ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አስነሣው፤ ለብዙ ጊዜ ሲገፋ የቆየውን ማሻሻያም ጫነለት። የትምህርቱ ገጽ ወዲያው ተከፈተ። ሚስቲቱ ከአንዱ ትምህርት ወደ ሌላው ሄደች፤ ሁሉም ተከተላት። ቁጣዋ እንዳለ ሆኖ ከንፈሯ ጥግ ላይ ደስታ አየሁ።

ወጣቱ ሲሰናበት ለሰዓት ሠሪው እንዲህ አለው፦ «ሌላ ቀን ቢዘገይብዎት አስቀድመው አጥፍተው ያስነሡት። ከዚያ ዋይፋዩን ይዩ፤ ከዚያ በሌላ ኮምፒውተር ወይም በስልክ ያነጻጽሩ። መስመሩ ነው ወይስ ኮምፒውተሩ የሚለውን ይለዩ። አንድ በአንድ ይሂዱ። ይህን ሁሉ ሠርተው ካልሆነ ድርጅቱን ይጥሩ። ሰውን መጠርጠር እዝርዝሩ ውስጥ የለም።»

«ወንድሜ» አለ ሰዓት ሠሪው፣ «ሌባ ብዬሃለሁ።»

«ሰምቻለሁ፣ ጋሼ። የእናቴን የቆመ ሰዓት ሠርተው ይክሱኛል።»

ከዚያ ወዲህ የሰዓት ሠሪው ሱቅ የምክር ቤት ሆኗል። ኢንተርኔቴ ዘገየ ብሎ የሚያማርር ደንበኛ ሲመጣ ወረንጦውን አስቀምጦ «መጀመሪያ ራስህ ቤት መርምር!» ይለዋል። «በማታውቀው ሰው እጅ አንዳች ፕሮግራም አታስጭን። ያስጫንኸው ዓይን አንተን ብቻ አያገለግልም፤ ፎቶው በማን እጅ እንደሚያልፍ አታውቅም። ጊዜህን ትበላለህ፣ የሚስትህን ጊዜ ትበላለህ፣ ጎረቤትህን ታጣለህ።» ስለ ኢንተርኔት ብቻ ይህን ያህል በምሬት መናገሩ ሰውን ይገርመዋል፤ እኔ ግን አይገርመኝም።

የፈተናው ሐሙስ ዕለት ሰዓት ሠሪው ሱቁን ዘግቶ ዋለ። የግድግዳ ሰዓቶቹን ሁሉ አቁሞ፣ ሚስቱን ክፍሉ ውስጥ ትቶ፣ በሩን ከውጭ ቀስ ብሎ ገጥሞ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሲወጡ ሲወርዱ የሚንጫጩትን ሁሉ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም ያሰኛል። እኔም አጠገቡ ተቀመጥሁ። ጆሮውን ወደ በሩ አላዘነበለም።

በሩ ሲከፈት ቆመ። ሚስቱ ደክሟታል። «አንድ ጊዜ እንኳ አልተቋረጠም» አለች ለሁለታችንም። ከዚያ ለእሱ ብቻ፦ «ሐሙስ አለፈ። ማወቅ የምትፈልገው ነገር ካለ አሁን እኔን ጠይቀኝ።»

ሰዓት ሠሪው ብዙ ጥያቄ ሲያጠራቅም የኖረ ሰው ነው።

«ደክሞሽ ይሆን?» አለ።

ሚስቱ ትንሽ አየችውና ከበሩ ዞር ብላ እንዲገባ መንገድ ለቀቀችለት። እኔም ወደ ቤቴ ወጣሁ።