በስልክ ውስጥ የማይዘንበው ዝናብ

ከባለቤቴ ጋር ከሁሩሙ ወደ መቱ ስንመለስ ዝናቡ የሚኒባሱን ጣሪያ ይደበድብ ነበር። ከፊታችን አንድ ወጣት መሐንዲስ፣ ቤት ለሚያሠሩ ጠና ያሉ ሴት ንድፉን በስልኩ እያዟዟረ ያሳያቸዋል።

«እትዬ፣ የጣሪያው ሶሌታ ነገ በኮንክሪት ይሞላል። ብቻ እሺ ይበሉኝ።»

«ጣሪያው እንደ ጠረጴዛ ዝርግ ነው እኮ!»

«ዘመናዊ ነው።»

«ውኃው በየት በኩል ይወርዳል? እስቲ ዝናብ አዝንብበት።»

«መተግበሪያው ዝናብ የሚያሳየው በክፍያ ነው፣ እትዬ።»

«ያ ዋቅ፣ አምላኬ! መቱ ላይ በነጻ የሚወርደው?»

ሾፌሩ ሳይቀር ሳቀ።

«የፊተኛው ቤትዎ ያለ ስልክ ተሠርቶ፣ በሩ ወደ ጎረቤት ሽንት ቤት አይደል የሚከፈተው?» አለ ወጣቱ።

«እሱን ተወው! ይልቅ ጣሪያውን ሾጠጥ አድርግልኝ።»

ወጣቱ ስልኩን ነካ አደረገ።

«ይኸው፣ ቆርቆሮ ሆነ። ነገ ከሞላነው በኋላ ቢሆን ኖሮ በመዶሻ ነበር የምናፈርሰው።»

«አሁን በአንድ ጣት ነው ያስተካከልኸው?»

«በአንድ ጣት።»

«እንግዲያው ባሌንም እዚያ ውስጥ አስገባውና ጥቂት ነገሩን አስተካክልልኝ።»

ባለቤቴ ከጎኔ ስልኳን ከቦርሳዋ ስታወጣ፣ እኔ ፊቴን ወደ ዝናቡ አዞርሁ።