ክኒን ያስጣለ ክርክር

ወደ ጫማ ሰፊው ሱቅ የገባሁት ለሥራዬ ሳይሆን ለጫማዬ ተረከዝ ነበር። ከምሠራበት ጤና ጣቢያ እስከ ሱቁ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ጫማ ሰፊው ሽማግሌ የልብ ሕመምተኛዬ ስለሆኑ ግን በወር አንድ ጊዜ እሳቸው ወደ እኔ ይመጣሉ እንጂ እኔ ወደ እሳቸው አልሄድም። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ተረከዙ ተነቅሎ መንገድ ላይ ባያስቀረኝ ኖሮ፣ ነገሩን የማውቀው ካለፈ በኋላ ነበር።

ሱቁ የመኖሪያ ቤቱ የፊት ክፍል ነው። በግድግዳው ላይ የእንጨት የእግር ቅርጾች በቁጥራቸው ተራ ተሰቅለዋል፤ ከእነሱ በላይ ልጇን የታቀፈች የእመቤታችን ሥዕል አለች። ሽማግሌው ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሶል በሰም ክር ይሰፋሉ። ዓይኔ ያረፈው እግራቸው ላይ ነው። ለሰው ሁሉ ጫማ በልክ የሚሠሩ ሰው፣ የራሳቸውን ጫማ ማሰሪያውን አውጥተው፣ ኋላውን ረግጠው እንደ ነጠላ ጫማ አጥልቀውታል።

«ጤና ይስጥልኝ አባባ። ጫማው ጠበበዎ?»

«ጫማውስ ደኅና ነው፤ እግሬ ነው የሰፋው» ብለው ሳቁ። ሳቁን ግን ትንፋሽ አጥሯቸው አልጨረሱትም።

አስፈቅጄ ሱሪያቸውን ከፍ አደረግሁና ቅልጥማቸውን በአውራ ጣቴ ተጫንኩ። ጣቴን ባነሣ ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ። የክኒን ብልቃጦቻቸውን ጠየቅሁ፤ ከቆዳው ክምር ጀርባ መኖራቸውን በአገጫቸው አሳዩኝ። አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ከሁለቱም ዓይነት መዋጥ የነበረበት የስድስት ቀን ተርፏል።

በዚህ መሃል ልጃቸው ገባ። የሳይንስ መምህር ነው፤ እጅጌው ላይ የጠመኔ ብናኝ ነበረበት። ከአራት ዓመት በፊት የአባቱን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትቶ ፕሮቴስታንት ሆኗል። እናቱ ካረፉ ወዲህ ሁለቱ ብቻቸውን ናቸው፤ አብረው ይበላሉ፣ ለየብቻ ይጸልያሉ።

«ዶክተር! ምን እግር ጣለዎት?»

«የተነቀለ ተረከዝ። አባትህ ስድስት ቀን ክኒን እንዳልዋጡ ታውቃለህ?»

ልጁ ቦርሳውን እንደያዘ ቀጥ አለ። «አባዬ?»

«ማን እንዳስተወኝ እሱን ይጠይቁት እንጂ!» አሉ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው።

የልጁ ፊት ተለወጠ። «እራት ላይ ያልኩትን ነው? አባዬ፣ እሱ እኮ የአፍ ወሬ ነው!»

«የአፍ ወሬ! ‹ማርያም ጸልያ ታድንሃለች ካልክ፣ ክኒኑን ጣልና እናያለን› አላልከኝም? እኔም እሺ አልኩህ። የዘጠኝ ቀን ጸሎቴን ጀመርኩ። ስድስቱ አለፈ፣ ሦስት ቀረኝ።»

«አባባ፣ አሁኑኑ ይዋጡት» አልኩ። «እግርዎ ላይ ያለው ውኃ ሳንባዎ ውስጥ ከገባ፣ ሦስቱን ቀን ላይደርሱበት ይችላሉ።»

«አልውጥም! ዛሬ ብውጠው ነገ ‹አየህ፣ ያዳነህ ክኒኑ ነው› ይለኛል። በእሷ ሲስቅ ከምሰማ ብሞት ይሻለኛል።»

ልጁ ደነገጠ፤ ድንጋጤው ግን በቁጣ ወጣ። «በማን ሳቅሁ? የጌታ እናት ናት፤ አከብራታለሁ። አምላክ ራሱ የሚሰማውን ጸሎት ወደ እሷ መላክ ለምን አስፈለገ ነው የምልህ። በእኛና በአምላክ መካከል የቆመው ክርስቶስ ብቻ ነው።»

«ባለፈው ወር ለዕድገት ፈተና ስትሄድ ‹አባዬ፣ ጸልይልኝ› ያልከኝ ሌላ ሰው ነው? እኔ ጫማ ሰፊው በመካከል ስገባ ክርስቶስን ጠበበው?»

«አንተ አጠገቤ አለህ፤ ትሰማኛለህ!»

«እሷስ በልጇ ዘንድ የለችም? ነው ወይስ እዚያም ሞት አለ?»

«አለች፤ እሱን ማን ካደ! ግን በዚች ደቂቃ ሺህ ሰው በሺህ ቋንቋ ሲጠራት ሁሉንም ትሰማለች ካልክ፣ የአምላክን ባሕርይ ሰጠሃት። የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።»

«እንዴት እንደምትሰማ እኔ ምን አውቄ! ሬዲዮስ ከማዶ እንዴት እንደሚሰማ አውቃለሁ?»

«ሬዲዮ ፊት ግን አትንበረከክም!»

«አንተስ የእናትህን ፎቶግራፍ ስትስም አላየሁህም? ወረቀቱን ነው የሳምከው?»



ሁለቱም የተናገሩት ከየቤተ ክርስቲያናቸው ትምህርት የተቀዳ ነው፤ የሚናቅ አልነበረም። በሌላ ቀን ቢሆን ቁጭ ብዬ አዳምጣቸው ነበር። ሽማግሌው ግን ክርክሩ በገፋ ቁጥር ትከሻቸው በትንፋሻቸው ከፍ ዝቅ ይል ጀምሯል፤ የከንፈራቸውም ጠርዝ ወደ ሰማያዊነት ያደላ ነበር።

«ሁለታችሁም ዝም በሉ» አልኩ፤ ድምፄ እንደሱ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። «መምህር፣ ይህን ሙከራ ያቀድከው አንተ ነህ። አባትህ ያለ ክኒን ቢሻላቸው፣ ማርያም አማልዳቸው ነው ብለህ ታምናለህ?»

ልጁ ትንሽ አሰበ። «እውነቱን ለመናገር አላምንም። አምላክ ማረው እላለሁ።»

«አባባ፣ እርስዎስ ባይሻልዎ አማላጅነቷን ይተዋሉ?»

«ሞቼም አልተው!»

«ታዲያ ውጤቱን አንዳችሁም የማትቀበሉት ሙከራ ምን ዓይነት ሙከራ ነው? ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መድኃኒት ያቋረጠ የልብ ሕመምተኛ ውኃ ይቋጥራል። እሱን ለማወቅ ሰው መሞት የለበትም።»

ልጁ ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ነገሩ እንደገባው ከዓይኑ አየሁ። ሽማግሌው ግን ገና አልተረቱም፤ መርፌውን ጨብጠዋል።

«አባባ፣ ክኒኑን መተውዎን ለቤተ ክርስቲያንዎ ካህን ለአባ ነግረዋቸዋል?»

«አልነገርኳቸውም።»

«ለምን?»

መርፌውን ሶሉ ላይ ሰኩት። «አውቃቸዋለኋ! ‹አርፈህ ዋጠው፣ ዋጥና ጸልይ› ነው የሚሉኝ።»

«እንግዲያው ያቋረጡት ለእመቤታችን ክብር ነው ወይስ ልጅዎን ለመርታት?»

ይህን ስናገር ለሕመምተኛ የማይገባ ጭካኔ እንደሆነ ተሰምቶኝ ነበር። ግን ለልስላሴ ጊዜ አልነበረንም። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ያን ጊዜ ልጁ ተንበርክኮ የአባቱን ጫማ ቀስ ብሎ አወለቀ። የካልሲው ጠርዝ በእብጠቱ ዙሪያ ቦይ አውጥቶ ነበር። በጣቱ ዳሰሰው።

ሽማግሌው ቁልቁል አዩት። «አንተ ልጅ፣ ተጠንቀቅ። ሰው ፊት መንበርከክ አምልኮ እንዳይሆንብህ።»

«ለአባቴ ነው የተንበረከክሁት» አለ ልጁ። «አባዬ፣ ስለ እምነቴ ያልኩትን አልመልስም፤ ብመልስ ዋሾ እሆንብሃለሁ። ‹ክኒኑን ጣል› ማለቴ ግን ኃጢአት ነው። አምላክን በአባቴ ነፍስ ተፈታተንኩት። ይቅር በለኝ።»

«በሐኪሙ ፊት ትላለህ?»

«በሐኪሙ ፊት።»

«ጸሎቴንም እጨርሳለሁ።»

«ጨርስ። እኔም በበኩሌ ስላንተ ጌታን እለምናለሁ።»

«ለምነው። ማን ከለከለህ?» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ልጁ ውኃ አመጣ፤ ሽማግሌው ሁለቱን ክኒን ዋጡ። ከዚያ ደግፈናቸው ወደ ጤና ጣቢያው ሄድን። ሚዛን ላይ ሲወጡ ከወሩ መጀመሪያ አምስት ኪሎ ጨምረዋል። ወዲያው አስተኝቼ ውኃውን የሚያስወጣ መርፌ ሰጠኋቸው፤ ያንኑ ዕለት ማምሻውን ትንፋሻቸው ረገብ አለ። የጸሎቱ ዘጠነኛ ቀን ሲደርስ ከአምስቱ ኪሎ አራቱ ወርዶ ነበር።

ይህን የምጽፈው ካቶሊኩ ፕሮቴስታንቱን፣ ወይም ፕሮቴስታንቱ ካቶሊኩን እንዲረታበት አይደለም። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት እምነት ያላቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸውና፣ እነዚህ ሁለቱ ከዚያ ወዲህ የያዙትን ልማድ ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል ብዬ ነው። ጠዋት ልጁ ውኃና ክኒን ያቀርባል፤ እስኪዋጥ ይቆማል፤ ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን ሲያነሡ በሩን ገርበብ አድርጎ ይወጣል። ስለ መድኃኒት ጥያቄ ሲነሣ እኔ ዘንድ ይመጣሉ፤ ስለ ጸሎት ሲሆን አባትየው አባን፣ ልጁ ፓስተሩን ይጠይቃል። ክርክሩም አልቀረም፤ ከመዋጡ በፊት ግን አይጀመርም። ልጁ በሰው ፊት «አባቴ ማርያምን ያመልካል» ማለቱን ትቷል፤ «እንድትጸልይለት ይለምናታል፤ እኔ በዚህ አልስማማም» ይላል። አባቱም «እመቤታችንን የሚጠላ ልጅ ወለድኩ» ማለታቸው ቀርቶ፣ «ያከብራታል፤ አይለምናትም» ይላሉ። አንዱ የሌላውን እምነት ባለቤቱ በሚቀበለው ቃል መናገር ከቻለ፣ ክርክሩ ሰው አይገድልም።

በወሩ ለምርመራ አብረው መጡ። ሽማግሌው ከሚዛኑ ሳይወርዱ፣ «እስቲ ሐኪም፣ ይፍረዱን» አሉ። «እኔ ያዳነችኝ እመቤታችን አማልዳኝ ነው እላለሁ። እሱ አምላክ ያለ ማንም አማላጅ ነው ይላል። በካርዱ ላይ ምን ብለው ጻፉ?»

ካርዱን አነበብኩላቸው። «‹እብጠቱ ጠፍቷል። መድኃኒቱ ይቀጥል።›»

«ሌላስ?»

«ሌላ መጻፊያ ቦታ የለውም።»

አባትና ልጅ ተያዩ።

«ሐኪማችን ፈሪ ናቸው» አሉ ሽማግሌው።

«በዚህስ እስማማለሁ፣ አባዬ» አለ ልጁ።